9900 የተጻፈበት ባትሪ

ሰላም ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፁ ከገባባችሁ ይቅርታ በቃ።

ባለፈው ለእማዬ መብራት ሲጠፋ የምትጠቀምበት ፓወር ባንክ ልሰራላት ብዬ ባትሪ ገዛሁ፣ ያችን 18650 የምትባለዋን፣ ክብ፣ ጣት የምታክለዋን፣ ላይዋ ላይ 9900 ሚሊአምፒር አወር ይላል፣ ምን ያህል ቻርጅ እንደምትይዝ ማለት ነው። ዋጋዋ ደግሞ ርካሽ። እኔ እኮ አውቃለሁ! በዛ መጠን ያለች ሊቲየም፣ ጥሩ የምትባለዋ ራሱ 3500 አካባቢ ነው የምትይዘው። አውቄ ተሸወድኩ። ቤት ወስጄ ስለካት 800 እንኳን አልሞላችም።

ብሩ አይደለም ያናደደኝ፣ እሺ ብሩም ትንሽ አናዶኛል። ግን እንዲህ አይነት ባትሪ ውስጥ ብዙ ጊዜ ኮባልት የሚባል ብረት አለ፣ ከዓለም ኮባልት ደግሞ 70 በመቶ አካባቢው ከኮንጎ ነው የሚወጣው፣ የተወሰነውን ሰው በአካፋና በእጁ ነው የሚቆፍረው፣ ልጆችም አሉበት፣ እና ያ ሁሉ ተለፍቶ መጥቶ እኔ ጋ ውሸታም ባትሪ ሆነ።

ታንታለም ከሚባል ብረት የምትሰራዋ ካፓሲተርም (ቻርጅ ለአፍታ የምትይዝ እቃ ናት) እንደዛው ናት፣ ቢጫ ሆና ትንሽዬ፣ የስልክ ቦርድ ላይ ታገኟታላችሁ። ማዕድኑ ከኛው ጉጂ ቀንጢቻ ስንት ዓመት ሲወጣ፣ በጥሬው ውጪ ሲሸጥ ነበር፣ እኛ ደግሞ ካፓሲተሯን በውድ እንገዛለን። አሜሪካኖቹ በ2010 ሕግ አውጥተው ነበር፣ ኩባንያዎች ታንታለም፣ ቲን፣ ተንግስተንና ወርቃቸው ከኮንጎና ከጎረቤቶቿ መምጣት አለመምጣቱን አጣርተው እንዲያሳውቁ። መርካቶ ሱቅ ቆማችሁ ይሄን ጠይቁ እስቲ፣ በኛ ገበያ እቃ ሁለት አገር ብቻ ነው ያለው፣ ቻይና እና ኦሪጅናል።

ስለዚህ እኔ አሁን መጀመሪያ የምሄደው ቆራሌው ጋ ነው። ሰፈራችን የሚዞር ልጅ አለ፣ የሞተ የላፕቶፕ ባትሪ ሲያገኝ ይደውልልኛል። ስትከፍቱት ውስጡ ብዙ ጊዜ ስድስት ሴል፣ ማለት እንደዛችው ያሉ ትንንሽ ባትሪዎች፣ አለው፣ የሚሞተው ደግሞ አንዱ ጥንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። በቴስተር እለካለሁ፣ ከ2 ቮልት በታች የወረደውን አልነካውም፣ የቀረውን ቻርጅ አድርጌ ሁለት ሳምንት አስቀምጬ ቮልቱ የወረደውን አወጣለሁ። የእማዬ ፓወር ባንክ አሁን የሚሰራው በነዛ ነው፣ ያረጁ ናቸው፣ 1800 አካባቢ ይይዛሉ፣ ግን እውነተኛ 1800። ስትከፍቱ በዊንዲቨር አትውጉት ብቻ፣ እሳት ነው።

ጻድቅ ነኝ እያልኩ እንዳይመስላችሁ። የምበይድበት ሊድ፣ ቀልጦ እቃውን ቦርዱ ላይ የሚያጣብቀው ሽቦ፣ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት ነው፣ 60/40 የሚሉት። አውሮፓ ከ2006 ጀምሮ አብዛኛው አዲስ ኤሌክትሮኒክስ ላይ ከልክሎታል፣ ግን እርሳስ የሌለበት የሚቀልጠው 217 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ የኔው ገና 190 ሳይደርስ ይቀልጣል፣ በኔ አሮጌ ካውያ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። እጄን እታጠባለሁ፣ እሱ እኔን ያድነኛል እንጂ፣ የጣልኩት ቦርድ ቆሼ ሄዶ ዝናብ ሲመታው እዛ የሚለቅመውን ሰው አያድነውም። ቆራሌው ራሱ የማልፈልገውን ሽቦ ወስዶ ለማን እንደሚሸጠው ጠይቄው አላውቅም፣ አቃጥሎ መዳቡን የሚያወጣ ሰው ከሆነ ጭሱ ውስጥ እኔም አለሁበት ማለት ነው። ቅዳሜ ሲመጣ እጠይቀዋለሁ።

የሞቱት ሴሎች እስካሁን በረንዳ ላይ ናቸው፣ ጫፍ ጫፋቸውን በፕላስተር ለጥፌ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ። ከቆሻሻ ጋር ልጥላቸው አልቻልኩም። እማዬ ትናንት "ጣሳዬን መቼ ነው የምትመልሰው፣ በርበሬ ላደርግበት ነው" አለችኝ።

አዲስ ጣሳ እገዛልሻለሁ አልኳት፣ ያ ከእንግዲህ በርበሬ አይገባበትም።