ዘጠኝ ምኞት እና አንድ ብርድ ልብስ

ጤና ይስጥልኝ። ድምፄ የታፈነ ከመሰላችሁ ጥፋቱ የብርድ ልብሱ ነው። የመኝታ ክፍሌ ግድግዳ ስስ በመሆኑ የጎረቤቴ ሳል ሳይቀር ይሰማኛል። ስለዚህ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ስልኬን ትራስ ላይ አስደግፌ ነው የማወራችሁ። ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ከመጣሁ አሥራ ሁለተኛ ቀኔ ነው፤ ሻንጣዬ ግን ገና ግማሹ አልተራገፈም።

ልነሣ አንድ ቀን ሲቀረኝ ታላቅ እህቴ ልብሴን እያጣጠፈችልኝ «ለመሆኑ ስትመለሺ ምን ሆነሽ ነው የምትመለሺው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ። ያን ዕለት ማታ ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ በአንድ ገጽ ላይ ዘጠኝ ምኞት ደረደርኩ። ቋንቋውን አቀላጥፎ መናገር። በሁሉም ትምህርት ከፍተኛ ውጤት ማምጣት። ከየአገሩ ወዳጅ ማፍራት። በሳምንት አሥራ አምስት ሰዓት ሠርቶ የራስን ወጪ መሸፈን። በየወሩ አንድ አዲስ ከተማ ማየት። በየማለዳው መሮጥ። የመመረቂያ ጥናት ርዕስ መምረጥ። ይህን ፖድካስት በየሳምንቱ ማውጣት። ዘጠነኛው «በራስ መተማመንን ማዳበር» ይላል። በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚዳብር አልጻፍኩም።

ባለፈው እሑድ ገጹን በሒሳብ ፈተንኩት። የምማረው በአውሮፓ የክሬዲት ማስተላለፊያ ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት የአንድ ዓመት የሙሉ ጊዜ ትምህርት 60 ክሬዲት ሲሆን፣ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ማለት ነው። ክፍል መቀመጡም፣ ቤተ መጻሕፍት ማምሸቱም፣ ለፈተና መዘጋጀቱም እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። ለአንድ ሴሚስተር 30 ክሬዲት ብይዝ ከ750 እስከ 900 ሰዓት ይሆናል። ለ20 ሳምንት አካፈልኩት፦ በሳምንት ከ37 ሰዓት ተኩል እስከ 45 ሰዓት። ሰዓቱ የተገመተው ደግሞ ለአማካይ ተማሪ ነው። እኔ አንዱን አንቀጽ ሦስት ጊዜ አንብቤ፣ በአራተኛው መዝገበ ቃላት የምገልጥ ነኝ። በዚህ ላይ የአሥራ አምስት ሰዓት ሥራ፣ ሩጫ፣ ከተማ ማየት! ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ገጹን ስጽፍ የታየኝ የምመለስበት ቀን ነበር። በመካከል ስንት ማክሰኞ እንዳለ አላሰብኩም።

አሁን ስለ ሐሙስ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ሴሚናር ነበር። አሥራ አራት ሰዎች በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠናል። መምህሯ ስለ ምንባቡ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ መልሱን አውቀዋለሁ። በእውነት አውቀዋለሁ፤ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ድረስ ተቀምጬ ያነበብኩት ነው። በልቤ ዓረፍተ ነገሩን መገንባት ጀመርኩ። ግሡን አስቀመጥኩ፣ መልሼ አነሣሁ፣ ቦታ ቀየርኩለት። እጄን ወደ ጆሮዬ አካባቢ ሳደርስ አንድ ልጅ ቀድሞኝ መለሰ፤ ከእኔ ባነሰ ዕውቀት፣ በእጥፍ ፍጥነት። ለመናገር ያነሣሁትን እጅ ፀጉሬን ለማስተካከል አዋልኩት። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ቀለደና ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ሁሉም ከጨረሰ በኋላ ብቻዬን።

ክፍሌ ተመልሼ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጂም ከሚንስ የሚባል በካናዳ የሚሠራ ምሁር እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የዕለት ተዕለት ጨዋታን ቋንቋና የትምህርትን ቋንቋ ለያይቶ ያያል። በስደተኛ ልጆች ላይ ባደረገው ጥናት የጨዋታው በሁለት ዓመት ገደማ ሲመጣ፣ የትምህርቱ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይወስዳል። እኔ ልጅ አይደለሁም፤ ቁጥሩ እንዳለ ለእኔ ላይሠራ ይችላል። ቢሆንም በአሥራ ሁለተኛው ቀን ራሴን መውቀሴ ያሳፍራል። «አቀላጥፎ መናገር» የሚለውን ሰረዝኩት። በቦታው «ያልገባኝን ነገር አልገባኝም ማለት» ብዬ ጻፍኩ። ይህኛው ሰዋስው ብዙም አይጠይቅም፤ ዓይንን በጨው መታጠብ ብቻ ይበቃዋል።

ሌላው ያነበብኩት ደግሞ አሳቀኝ። እ.ኤ.አ. በ1955 ስቬሬ ሊስጎር የተባለ የኖርዌይ ሶሺዮሎጂስት፣ ፉልብራይት በተባለው የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ዕድል አሜሪካ ቆይተው የተመለሱ 200 ኖርዌያውያንን ያጠናበትን ጽሑፍ አሳተመ። ከስድስት ወር በታች የቆዩት ከአገሩ ጋር በመላመድ በኩል ደህና ነበሩ። ከአሥራ ስምንት ወር በላይ የቆዩትም ደህና ነበሩ። የተቸገሩት በመካከል ያሉት ናቸው። በሥዕል ሲቀመጥ ከላይ ጀምሮ ጎድጓዳ ውስጥ ይገባና እንደገና ይወጣል። የእኔ ቆይታ አሥር ወር ነው። ልክ ጎድጓዳው ውስጥ ስደርስ አውሮፕላን ልሳፈር ነው ማለት ነው!

ኩርባው በኋላ ብዙ ተተችቷል። ሊስጎር ያነጻጸረው የተለያየ ጊዜ የቆዩ የተለያዩ ሰዎችን ነበር፤ አንድን ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልተከተለም። ተማሪዎችን ከመጡበት ጊዜ ጀምሮ የተከታተሉ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ደግሞ ከባዱ ጊዜ ገና እንደደረሱ ሆኖ ያገኙበት አጋጣሚ አለ። እንዲያም ሆኖ «አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ» ከሚለኝ ሰው ሁሉ ይህ ኩርባ ይበልጥ አጽናናኝ። አይዞሽ የሚለኝ ሰው መቼ እንደምለምድ አይነግረኝም። ኩርባው ቢሳሳትም እንኳ ቀን ይሰጣል። ስለዚህ በስልኬ የቀን መቁጠሪያ ላይ፣ ሰባተኛው ወር ዘንድ፣ ለራሴ መልእክት አስቀመጥኩ፦ «ዛሬ ከከፋሽ ስለ ትምህርቱ ምንም አትወስኚ። ሁለት ሳምንት ጠብቂ፣ ሻንጣሽንም አታውጪ።»

ታዲያ ከዘጠኙ ምን ተረፈ? ሩጫው ወጥቷል፤ ከመጀመሪያውም ለማስመሰል የገባ ነበር። ከተማ ማየቱ ወደ ሁለት ወርዷል። ሥራውን ለሁለተኛው ሴሚስተር አሸጋግሬዋለሁ፤ ቁጠባዬ እስከዚያ ያደርሰኛል፣ በጭንቅ። ከፍተኛ ውጤት የሚለውን ልሰርዝ ብዕሬን አንሥቼ ተውኩት። እሱን እፈልገዋለሁ፤ ፍላጎትን ሁሉ ማሳነስ ደግሞ ሌላ ዓይነት ስንፍና ይመስለኛል። ሁለት ትምህርት መረጥኩና በእነሱ ላይ እጨክናለሁ፤ በቀሩት ማለፍ ይበቃኛል።

የቀሩትን ደግሞ ሰዓትና ቦታ ሰጠኋቸው። ይህን ያገኘሁት ከጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከፔተር ጎልቪትሰር ነው። እሱና ቬሮኒካ ብራንድሽቴተር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች የገናን ዋዜማ እንዴት እንዳሳለፉ በሁለት ቀን ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ተጠየቁ። በበዓል መካከል የቤት ሥራ፣ አስቡት። መቼና የት ቁጭ ብለው እንደሚጽፉ አስቀድመው ከወሰኑት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ላኩ፤ ካልወሰኑት ግን ሲሦው ብቻ። ሁሉም ለመጻፍ አስበው ነበር እኮ።

በዚህ መሠረት የእኔ «በራስ መተማመን» አሁን እንዲህ ሆኖ ተጽፏል፦ «ሐሙስ፣ ሴሚናሩ በተጀመረ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ውስጥ፣ ረቡዕ ማታ በወረቀት ያዘጋጀሁትን አንድ ጥያቄ እያነበብኩ እጠይቃለሁ።» ሩብ ሰዓት ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። ከዚያ በኋላ ውይይቱ ይፈጥናል፤ እኔም ፀጉሬን ማስተካከል እጀምራለሁ። ወረቀቱ አሁን ጭኔ ላይ ነው። አሥራ አንድ ቃላት አሉት፤ ሦስቱ ላይ ድምፁ የት ላይ እንደሚጠነክር ምልክት አድርጌባቸዋለሁ።

የቀረኝ የወዳጅነቱ ጉዳይ ነው። ከየአገሩ ወዳጅ እያልኩ ስጽፍ የነበርኩት ሰው፣ በአሥራ ሁለት ቀን ግድግዳ የምጋራትን ልጅ ስሟን እንኳ አላወቅኩም። በኮሪደሩ ስንተላለፍ ሁለታችንም ስልካችንን እናያለን። እዚህ ላይ ሰዓትና ቦታ ልጽፍ ብዬ…

ሰማችሁ? ግድግዳው ነው። ሁለት ጊዜ አንኳኳች። ብርድ ልብሱ ለካ አልረዳኝም፤ ድምፄ ሳላውቀው ከፍ ብሏል።

በሉ ላቁም። ነገ ጠዋት ከክፍል በፊት በሯን አንኳኩቼ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ስሟንም በዚያው።