የ3 ሰከንድ ዝምታ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝሁም፤ የማነሣው ስለ ራሴ አስተማሪነት ነው።

በድሬዳዋ የቅድመ አንደኛ መምህራንን ከሚያሠለጥኑት አንዱ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሙቀቱ ከቆርቆሮው ጣሪያ እየወረደ በሚያዝልበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ «ሕፃናት በጨዋታ ይማራሉ» የሚለውን ርእስ በ60 ስላይዶች እያስተማርሁ ሳለ መብራት ጠፋ። ከኋላ የተቀመጠች፣ እንደ ድሬ ልጅ አንቱታ የማታበዛ ሠልጣኝ፣ «መምህር፣ ፕሮጀክተርህ ካረፈ እስኪ እንጫወት?» ብላ ክፍሉን አሳቀችው። እኔም አብሬ ሣቅሁ፤ ማታ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ፤ ዲጂታል ቴክኖሎጂ እጠቀማለሁ እያልሁ የኖርሁት፣ ድሮ በጠመኔ እጽፈው የነበረውን ግድግዳ ላይ በብርሃን በመጻፍ ብቻ ነበርና። የተጠራሁባቸው ሥልጠናዎችም ቢሆኑ የትኛው ቁልፍ የት እንደሚጫን አሳዩኝ እንጂ፣ የአምስት ዓመት ሕፃናት ፊት ለሚቆም ሰው ምን እንደሚፈይድ አልነገሩኝም።

ከዚያ ወዲህ ፊቴን ወደ ሠልጣኞቹ ስልክ አዞርሁ። ለልምምድ ወደ አፀደ ሕፃናት ሲወጡ 10 ደቂቃ ያህል ይቀራረጻሉ፤ ሲመለሱ አብረን እናያለን። ወላጆችን ሳናስፈቅድ አንቀርጽም፤ ቅጂውም በየትኛውም የቴሌግራም ቡድን አይለቀቅም፤ በዚህስ ግትር ነኝ።

ያቺው ሠልጣኝ የመጀመሪያ ቅጂዋን ስታይ ደነገጠች። «ይህ ቀለም ምንድን ነው?» ብላ ትጠይቃለች፤ ሕፃኑ አፉን ሳይከፍት እሷው ትመልሳለች። ሜሪ በድ ሮው የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የክፍል ውስጥ ንግግሮችን በቴፕ አስቀድተው ሲመረምሩ፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ በአማካይ 1 ሰከንድ ገደማ ብቻ እንደሚታገሡ፣ ትዕግሥታቸው 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን የተማሪዎቹ መልስ እንደሚረዝምና ዝምተኞቹም አፋቸውን እንደሚፈቱ አሳይተዋል። እዚህ ድሬ ደግሞ አንዱ ሕፃን በቤቱ ሶማሊኛ፣ ሌላው ኦሮምኛ፣ ሦስተኛው አማርኛ እየተናገረ አድጎ በአንድ ምንጣፍ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ጥያቄውን በሆዱ ለሚተረጉም ልጅ 1 ሰከንድ ምኑም አይደለችም።

ስልኩን ለሕፃናቱም እንስጣቸው የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች ተቀምጦ ስክሪን ማየት በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስም የተሻለ እንደሆነ መክሯል፤ እኔም ስልኩ ከመምህሩ እጅ ባይወጣ እመርጣለሁ።

ሠልጣኟ በሦስተኛው ሳምንት ባመጣችው ቅጂ ላይ ጠይቃ፣ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ዝም ትላለች። ዝምታው ለእኛ ለተመልካቾቹ እንኳ ከበደን። በመጨረሻ ሕፃኑ በሶማሊኛ መለሰ። እሷ ሶማሊኛ አታውቅም፤ ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅ ግን ፈጠን ብላ «ቢጫ ነው ያለሽ» አለቻት።