ተገልጋዩን ከመጥራታችሁ በፊት ቤታችሁን አሰናዱ

[ምስል፦ ሐዋሳ፣ ማለዳ። ባጃጆች አንድ ጤና ጣቢያ በር ላይ ሰው ያወርዳሉ።]

ሰላም ጤና ይስጥልን።

የሐሳብ መስጫ ሳጥን አንድ ነገር ነው። አገልግሎትን ከተገልጋዩ ጋር አብሮ መንደፍ ደግሞ ሌላ ነው። ሳጥኑ አስተያየት የሚቀበለው ባለቀ ነገር ላይ ነው። አብሮ መንደፍ ግን ነገሩ ገና ሳይወሰን ለተገልጋዩ ወንበር መስጠት ነው። "ችግሩ ምንድነው?" ከሚለው ጥያቄ ጀምሮ "እስኪ እንሞክረው" እስከሚባልበት ቀን ድረስ አብሮ ይቀመጣል።

ብዙ መሥሪያ ቤቶች ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ የሚያስቡት አዳራሽና የጥሪ ደብዳቤ ነው። እኔ ደግሞ ደብዳቤው ይቆይ እላለሁ። መጀመሪያ መዘጋጀት ያለበት ተገልጋዩ ሳይሆን መሥሪያ ቤቱ ነው።

ለምሳሌ ያህል ሐዋሳ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ በሐሳባችን እንሥራ።

[ምስል፦ የካርድ ክፍል መስኮት። ከመስኮቱ ወዲህ ረጅም ሰልፍ።]

አንዲት እናት ልጇን አዝላ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ደርሳለች። የካርድ ቁጥሯ የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ከቀሚሷ ጋር ታጥባ ቀለሟ ለቋል። ሠራተኛዋ ስም እስከ አያት ትጠይቃለች። መደርደሪያው ላይ ትፈልጋለች፣ ታጣለች። ሰልፉ "ኧረ ቶሎ በሉ!" ይላል። በመጨረሻ አዲስ ካርድ ይወጣላታል። ወረፋው ተንቀሳቀሰ። የልጁ የሕክምና ታሪክ ግን አሮጌው ካርድ ውስጥ ቀረ። ሐኪሙ "ባለፈው ምን ተሰጠው?" ሲላት፣ "ነጩ ሽሮፕ" ትላለች። ከዚህ በላይ የምታውቀው የለም።

አሁን የጤና ጣቢያውን ኃላፊ እናስብ። ከቢሮአቸው መስኮት የሚታያቸው ሰልፉ ነው። ስለዚህ ሌላ መስኮት እንክፈት፣ ወይም ኮምፒውተር ይገዛ ይላሉ። ክፋት የለባቸውም፤ የታያቸውን ነው የተናገሩት። እናትየዋ ብትጠየቅ ግን ስለ ወረቀቷ ትናገራለች። ሠራተኛዋ ደግሞ በቀን ስንት ሰው የተበላሸ ወረቀት ይዞ እንደሚመጣ ታውቃለች። የችግሩ ግማሽ እናትየዋ ጋ፣ ግማሹ ሠራተኛዋ ጋ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጦ የጠየቃቸው ግን የለም።

መጠየቅ ደግሞ ውለታ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። የመጠየቅ መብት! ማለትም ጥያቄው ከመሥሪያ ቤቱ ወደ ዜጋው መምጣት አለበት።

[ምስል፦ ነጭ ሰሌዳ፣ ሁለት ዓምድ። "ክፍት" እና "ዝግ"።]

እንግዲህ ከየት እንጀምር? ከኃላፊዎቹ። በር ዘግተው ይቀመጡና አንዲት ጥያቄ ይመልሱ፦ ምኑን ነው ለመለወጥ የፈቀድነው?

ሁሉም ነገር ክፍት ሊሆን አይችልም። በሕግ የተወሰነ አለ። ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ የሆነ በጀት አለ። የሐኪም ብቻ የሆነ ውሳኔ አለ። እነዚህ "ዝግ" የሚለው ሥር ይጻፉ። የካርድ ወረቀቷ፣ የወረፋው አያያዝ፣ የቀጠሮ ሰዓቱ፣ ሰው የሚጠብቅበት ጥላ፣ በር ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ "ክፍት" ሥር ይግቡ። ይህ ሰሌዳ በመጀመሪያው ቀን ለተገልጋዮቹ ይታይ። ሰው "ይህ አይቻልም" ቢባል ይገባዋል። የሚያስቀይመው ሁሉም ክፍት ነው ተብሎ ተጠርቶ፣ ውሳኔው ቀድሞ ማለቁን ሲሰማ ነው። ያ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። አንዴ እንዲህ የሆነበት ሰው ሁለተኛ ቢጠራ አይመጣም። ባይመጣም አይፈረድበትም።

አሜሪካዊቷ ሼሪ አርንስቲን እ.ኤ.አ. በ1969 የዜጎችን ተሳትፎ ባለ 8 ደረጃ መሰላል አድርጋ አሳይታለች። ታች ያሉት ተሳትፎ ለማስመሰል የሚደረጉ ናቸው። መሐል ላይ ማሳወቅና ማማከር አሉ። ሥልጣን መጋራት የሚጀምረው ከ6ኛው ደረጃ ነው። መሥሪያ ቤታችሁ ስንተኛው ላይ ለመቆም እንደቆረጠ አስቀድማችሁ ተስማሙ። 4ኛው ላይ፣ ማለትም ማማከር ላይ፣ ቆማችሁ 6ኛው ላይ ነን አትበሉ።

ቀጥሎ የጊዜ ጉዳይ አለ። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። ግንቦት ላይ ሰው ሰብስቦ "ምን እናድርግ?" ማለት የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ከተሰናዳ በኋላ መጠየቅ ነው። ጥር ወይም የካቲት ላይ ብትጀምሩ የተባለው ነገር ዕቅዱ ውስጥ የመግባት ዕድል ይኖረዋል። ትንሽ ገንዘብም ቀድሞ ይያዝ። ሙከራ ያለ ወጪ አይሆንም።

[ምስል፦ የሠራተኞች ሻይ ክፍል።]

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፤ ወደ ሠራተኛው።

እኛ ሀገር "ስለ ሥራችሁ ተገልጋይ ሊናገር ነው" ሲባል ሠራተኛው ጆሮ ውስጥ የሚገባው "ግምገማ" የሚለው ቃል ነው። ማን ሊከሰስ ነው? ማን ሊዛወር ነው? እንዲህ የፈራ ሰው ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ይከላከላል። ሁለቱም ለዚህ ሥራ አይበጁም። ስለዚህ ኃላፊው ተገልጋይ ከመምጣቱ በፊት ቁርጥ ያለ ቃል ይስጡ፦ እዚህ የሚነገር ነገር ማንም ሰው የሥራ አፈጻጸም ላይ አይሞላም። በጽሑፍ ቢሆን ደግሞ ይበልጣል። ከዚያ ሠራተኞቹ ለብቻቸው ይደመጡ። የካርድ ክፍሏ ልጅ፣ ጥበቃው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ። ጥበቃው በተለይ! "ክትባት በየት ነው?" "ላብራቶሪው ዛሬ ይሠራል?" ተብሎ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ሕዝቡ ምን እንደሚጠፋበት ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

እንግሊዝ፣ ሉተን ከተማ አካባቢ ያለ አንድ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ የራስና የአንገት ካንሰር ሕክምናውን ሲያሻሽል በዚህ መንገድ ነው የሄደው። ሠራተኞቹ ስለ ሥራቸው ለየብቻ ተጠየቁ። ታካሚዎቹም የደረሰባቸውን ተናገሩ፤ ንግግራቸው በቪዲዮ ተቀረጸ። ሁለቱ ወገኖች መጀመሪያ ለየራሳቸው ተሰበሰቡ። ከዚያ በአንድ ክፍል ተገናኝተው ያን ቪዲዮ አዩ፤ ምን ይሻሻል የሚለውን አብረው መረጡ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መገናኘቱ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

[ምስል፦ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በር፣ የሽፍት መውጫ ሰዓት።]

ማን ይጠራ? ለቀበሌ ደብዳቤ ጽፋችሁ "20 ሰው ላኩልን" ካላችሁ ስብሰባ የለመዱት ሰዎች ይመጣሉ። መልካም ሰዎች ናቸው፤ ግን ስለ ሁሉም መናገር አይችሉም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ በሽፍት የምትሠራ ልጅ ናት። ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ኑ ብትሏት ወይ ሥራ ላይ ናት ወይ ከሌሊት ሥራ ወጥታ ተኝታለች። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ የምትሸጥ እናት ግማሽ ቀን ስትጠፋ የዕለት ገቢዋ ይጠፋል። ስለዚህ እናንተ ሂዱላቸው። ወይ ደግሞ አበል ክፈሉ። ለባለሙያ አበል እየከፈልን የነጋዴዋን ጊዜ በነፃ መውሰድ ልክ አይደለም፤ እሷም ያመጣችው ዕውቀት ነው።

ቋንቋውም ይታሰብበት። ከገጠር ቀበሌ የመጣች እናት በአማርኛ "አዎ፣ ደህና ነው" ብላ ልታልፍ ትችላለች። በሲዳምኛ ብትጠየቅ ግን ሙሉውን ታወራለች። የሚያስተረጉመው ሰው አለቃ አይሁን። አካል ጉዳተኞችን ደግሞ "በኋላ እንጨምራለን" አትበሉ፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በሚመለከታቸው ውሳኔ ሁሉ እንዲማከሩ ያስገድዳል።

ሌላም ነገር አለ፤ የተጠራው ሰው ዕውቀት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኮምፒውተር ወደ ኖርዌይ ፋብሪካዎች ሲገባ፣ ክሪስተን ኒጎርድ የተባለ የኮምፒውተር ሳይንቲስት ከብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ጋር ሠርቶ ነበር። ሠራተኞቹ ማሽኑ ሥራቸውን እንዴት እንደሚለውጠው አጠኑ፤ ያኔ በእኩል መነጋገር ቻሉ። በእኛ ጤና ጣቢያም እናቶቹን ካርድ ክፍል ውስጥ አስገቧቸው። መደርደሪያውን ይዩ። አንድ ካርድ ራሳቸው ይፈልጉ። ከዚያ በኋላ የሚሰጡት ሐሳብ የተለየ ይሆናል።

[ምስል፦ ጠንካራ ካርቶን ላይ የተጻፈ ቁጥር፣ በላስቲክ ተሸፍኖ።]

ሐሳቡ ሲመጣ ትልቅ አታድርጉት። የሚታጠብ ወረቀት ነው ችግሩ ከተባለ፣ ቁጥሩ የተጻፈባት፣ በላስቲክ የተሸፈነች ካርቶን ለጥቂት ሰዎች ሰጥታችሁ ለአንድ ወር ሞክሩ። ካልሠራ ተዉት። ያንን ለመፍቀድ ሥልጣን ያለው ሰው በስብሰባው ላይ ይኑር። "ለበላይ አካል እናቀርባለን" ከተባለ ነገሩ እዚያው ይቀዘቅዛል።

አንድ ሰው ደግሞ የመመለስ ኃላፊነት በስሙ ይሰጠው። ከተጠሩት ለእያንዳንዱ ደውሎ "ያልሽው ተሠርቷል"፣ ካልሆነም "ያልሽው በዚህ ምክንያት አልተቻለም" ይበል። የስልክ ካርዱ ወጪ በጀቱ ውስጥ ይግባ። የጥሪ ደብዳቤው አሁን ይጻፍ።