ሰዓት የሚቆጥር ቤት፤ ስለ «ዴድላይን» የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የኮምፒውተር ጨዋታ ወዳጆች፣

ዛሬ የማነሣላችሁ ጨዋታ በስክሪኑ ላይ አንድም ሥዕል የለውም። ኢንፎኮም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 ያወጣው፣ ማርክ ብላንክ የጻፈው «ዴድላይን» በጽሑፍ ብቻ የሚሄድ የግድያ ምርመራ ነው። ማርሻል ሮብነር የተባለ ባለጸጋ ከመጠን በላይ መድኃኒት ወስዶ በተቆለፈው የመጻሕፍት ክፍሉ ውስጥ ሞቶ ይገኛል። ራሱን እንዳጠፋ ቢታመንም፣ ሟቹ ኑዛዜውን ሊለውጥ እንደነበር የሚያውቀው ጠበቃው ነገሩ እንዲጣራ ይጠይቃል፤ መርማሪው ተጫዋችም ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ ብቻ ጊዜ ይሰጠዋል።

እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ሰዓት ነው። በዚያ ዘመን በብዙዎቹ ጨዋታዎች ዓለሙ ተጫዋቹ እስኪመጣ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። በሮብነር ቤት ግን ሚስቱ፣ ልጁ፣ ጸሐፊዋና የሥራ ሸሪኩ መርማሪው ኖረም አልኖረም በየጉዳያቸው ይንቀሳቀሳሉ። ጧት ስልክ ሲጮህ ሌላ ክፍል ገብቶ መሳቢያ የሚበረብር ሰው ያን ንግግር አይሰማውም፤ ደግሞ ከመጀመሪያው ካልጀመረ በቀር ዕድሉ አምልጦታል። አትክልተኛው ማክናብ ስለ ጽጌረዳዎቹ የሚያሰማውን እሮሮም የሽማግሌ ጭንቀት ብሎ የሚያልፍ ተጫዋች ብዙ ነው። ለምን ማለፍ እንደሌለበት አልነግራችሁም፤ ጨዋታውን አበላሽባችኋለሁና።

በዲስኩ ላይ የነበረው ቦታ ጠባብ ስለነበር፣ ሠሪዎቹ የተጠያቂዎቹን ቃልና የላቦራቶሪውን ውጤት በወረቀት አትመው፣ በፕላስቲክ ከታሸጉ እንክብሎች ጋር በሳጥኑ ውስጥ ጨመሩት። ከቦታ እጥረት የተወለደው መፍትሔ ገዢው ኮምፒውተሩን ሳይከፍት ዶሴውን እንዲያገላብጥ አደረገው፤ ኩባንያውም በኋላ ጨዋታዎቹ ላይ ይህን ልማድ ቀጠለበት።

ተጠርጣሪን ማሰር አንድ ትእዛዝ መጻፍ ብቻ ነው። አስቸጋሪው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው፤ ማስረጃው ካልበቃ ክሱ እንደወደቀ ጨዋታው ራሱ ይተርክላችኋል።

አሁን ጨዋታውን ከኋላዬ ባለው ስክሪን እከፍተዋለሁ። ትእዛዙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ እጽፋለሁ፤ ወዴት እንደምንሄድ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ከጧቱ 2 ሰዓት ሆኗል፤ ከቤቱ ደጃፍ ቆመናል። በሩን እናንኳኳ ወይስ አስቀድመን በአትክልቱ ዙሪያ እንሂድ?