መርዙ ያልነካው በር

የተከበራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ከዘጌም ከደቅም በጀልባ፣ ከፎገራም በመኪና ባሕር ዳር የገባችሁ እህቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ክረምት ሳይገባ ስለ ኮሌራ እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። ስለ መጸዳጃ ቤቱ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ፤ እኔ አንጀት ውስጥ ስለሚሆነው ልናገር።

የኮሌራ ባክቴሪያ አንጀት አያቆስልም፣ ደም ውስጥም አይገባም። ከጨጓራ አሲድ የተረፈው በጭራው እየዋኘ ትንሹ አንጀት ላይ ይለጠፍና መርዙን ይለቃል። መርዙ ሴሉ ውስጥ ዘልቆ የጨው መውጫውን እንደተከፈተ ያስቀረዋል። ከጨው ክሎራይዱ ይወጣል፣ ሶዲየሙ ይከተላል፣ ውሃውም ተከትሎ ይፈሳል። ሲጠና በሰዓት እስከ አንድ ሊትር! ፎገራዎች የሩዝ እጥቢ የምትሉትን ይመስላል።

ይህን ያሳየን የካልካታው ሐኪም ሳምቡ ናት ዴ ነው። የጥንቸል አንጀት በክር አሰረና፣ በታሰረው መሃል የኮሌራ ባክቴሪያ ያደገበትን፣ ባክቴሪያው ግን ተጣርቶ የወጣለትን ፈሳሽ ጨመረ። አንድም ባክቴሪያ የለበትም፤ አንጀቱ ግን በውሃ ተነፋ። ይህ የታተመው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው።

ታዲያ ዛሬም ታማሚ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «አንቲባዮቲክ አለ ወይ?» ነው። ሰውዬው የሚሞተው ውሃና ጨው አልቆበት ነው! ዶክሲሳይክሊን ለጠናበት አዋቂ 300 ሚሊግራም አንዴ ይሰጣል፣ ተቅማጡንም ያሳጥራል፤ የፈሰሰውን ግን አይመልስም። «ግሉኮስ ይሰካለት» የሚለውስ? የወጣው ጨው ሆኖ ሳለ ስኳር ብቻ ምን ይሠራል! ራሱን ለሳተ፣ መጠጣት ላቃተው የሚሰካው ሪንገር ላክቴት የሚባለው ጨው ያለበት ፈሳሽ ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነው በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር በግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ 70 በሁለት ሰዓት ተኩል።

ሴሉ ላይ መርዙ ያልነካው አንድ በር አለ፤ ስኳርና ሶዲየም ተያይዘው የሚገቡበት። ኦአርኤስ፣ በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት፣ የሚሠራው በዚያ ነው። ስለዚህ አንድ ፓኬት ለአንድ ሊትር፣ አለቀ። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከበጠበጣችሁት ይወፍርና ውሃውን ወደ አንጀት እየሳበ ተቅማጡን ያባብሳል። በሁለት ሊትር ከሆነ ጨው ያንሰዋል። «ይጣፍጥለት» ተብሎ ስኳር ሲጨመርም ጥፋቱ ያው ነው፤ ለስላሳ መጠጥማ አታንሱብኝ። ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ በማንኪያ ቀጥሉ።

ከደቅ ጀልባ እስኪደርስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለእናንተ አልነግርም። የተበጠበጠ ኦአርኤስ ያልተጫነበት ጀልባ ላይ ታማሚ አይጫን!

ለሕፃናት የሚሰጠውን ዚንክና ጡት ማጥባቱን ታውቁታላችሁ። አሁን ጠረጴዛችሁ ላይ ሦስት ዓይነት ፕላስቲክ ጠርሙስ አለ። የአንድ ሊትሩን ለዩና ፓኬቱን ቅደዱ።