የምናውቃቸው የሚመስሉን የኮሌጅ ቃላት

ሄለን፦ ሰላም ሰላም! ሄለን ነኝ።

ዮናስ፦ ዮናስ ነኝ። ኦገስት ሊያልቅ ነው፤ የፎል ሴሚስተር ተጀምሯል። ስለዚህ ዛሬ ወሬያችን ትምህርት ቤት ነው።

ሄለን፦ ዲሲ ዙሪያ ላለን አበሾች ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ማለት የሁለት ዓመቱ ኮሌጅ፣ ሲባል መጀመሪያ የሚመጡልን ሁለት ናቸው። ቨርጂኒያ ላለው ኖቫ፣ ሜሪላንድ ላለው ሞንጎምሪ ኮሌጅ። የኖቫን አሌክሳንድሪያ ካምፓስ ወይ የሞንጎምሪን ታኮማ ፓርክ ካምፓስ አማርኛ ሳትሰማ ማቋረጥ ይከብዳል። ሌላ ስቴት ያላችሁም ስሙ ይለያይ እንጂ አሠራሩ ብዙም አይለይም።

ዮናስ፦ የሚደርሱን ጥያቄዎች አብዛኛዎቹ ስለ ቃላት ናቸው። «ፋፍሳ ምንድን ነው? ፕሪሪኪዚት ምንድን ነው?» ይሄ ችግር የለውም፤ ጠይቆ ይማራል። እኔን የሚያስፈራኝ ሰው የማይጠይቃቸው ቃላት ናቸው። አገር ቤት ሰምቷቸዋል፣ ያውቃቸዋል፣ በቃ ዝም ብሎ ይፈርማል።

ሄለን፦ እስቲ አንድ በለን።

ዮናስ፦ ዲፕሎማ። አገር ቤት «ዲፕሎማ አለው» ከተባለ ኮሌጅ ገብቶ የጨረሰ ሰው ነው። በተለይ በታላላቆቻችን ጊዜ በአካውንቲንግ፣ በአስተማሪነት፣ በሴክሬታሪነት ተምሮ የሚያገኙት ትልቅ ወረቀት ነበር። እዚህ ፎርም ላይ ያንኑ ጻፍ። የሚያነበው ሰው ሃይስኩል የጨረስክ አድርጎ ይወስድሃል።

ሄለን፦ ኮሌጁ ቀለጠ ማለት ነው።

ዮናስ፦ ቀለጠ! የኮሌጅ ትምህርት ካለህ ትራንስክሪፕትህን ማስገምገም ነው። ኢቫሉዌሽን የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ፤ የትኞቹን እንደሚቀበል ኮሌጁን ቀድመህ ጠይቅ። እነሱ ደግሞ ሁለት ዓይነት ይሸጣሉ። አንደኛው ርካሽ ነው፤ «ይሄ ሰው ይሄን ያህል ተምሯል» ብቻ ይላል። ሌላው እያንዳንዱን ኮርስ ከነክሬዲቱና ከነግሬዱ ይዘረዝራል። ክሬዲት እንዲያዝልህ ከፈለግክ ሁለተኛው ነው የሚያስፈልግህ። ብዙ ሰው ርካሹን ይገዛና ኋላ እንደገና ይከፍላል።

ሄለን፦ እሺ፣ እዚህ ተምሮ የሚወጣውስ ምን ይዞ ነው?

ዮናስ፦ አጭሩ ሰርተፊኬት ነው። ዋናው ግን አሶሼት ዲግሪ የሚባለው ነው፤ በአብዛኛው 60 ክሬዲት ገደማ። እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ፤ አሶሼት ሁሉ አንድ አይደለም። ኤኤ እና ኤኤስ የሚባሉት በኋላ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለሚገባ ሰው የተሠሩ ናቸው። ኤኤኤስ የሚባለው፣ መሃል ላይ «አፕላይድ» የሚል ቃል ያለው፣ ቀጥታ ሥራ ለሚገባ ሰው ነው። ኤኤኤስ መጥፎ ነው አላልኩም። በሱ ጥሩ ደሞዝ የሚያገኝ ሞልቷል። ግን ዩኒቨርሲቲ ስትሄድ ከክሬዲቱ ግማሹን አንቀበልም ሊሉህ ይችላሉ። ስለዚህ ሜጀር ስትመርጥ መጨረሻዬ የት ነው ብለህ ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠር።

ሄለን፦ ክሬዲት ካልን አይቀር፣ «ፉል ታይም ተማሪ ነኝ» የሚለው ነገርስ?

ዮናስ፦ እሱ ሌላው ወጥመድ ነው። በአንድ ሴሚስተር 12 ክሬዲት ከያዝክ ለፋይናንሻል ኤይድ፣ ማለት ለትምህርት ክፍያ እርዳታ፣ ፉል ታይም ነህ። ሰው ይሄን ሰምቶ በሁለት ዓመት እጨርሳለሁ ይላል። እስቲ ቁጠሪው፤ 12 በአራት ሴሚስተር ስንት ነው?

ሄለን፦ 48። ኧረ! 12 ይጎድላል።

ዮናስ፦ አዎ። በሁለት ዓመት ለመጨረስ በየሴሚስተሩ 15 መያዝ አለብህ፤ ወይም ሰመር ላይ መማር። ደግሞ ለአንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል፣ ሁለት ሰዓት ደግሞ ቤት ይታሰባል። ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ ዘጠኝ ሰዓት ወሰደ ማለት ነው። 12 ክሬዲት 36 ሰዓት ነው። ሙሉ ሥራ በለው።

ሄለን፦ ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራ፣ ቅዳሜና እሁድ ኡበር እየነዳ...

ዮናስ፦ ...15 ክሬዲት የሚይዝ ልጅ አለ። ጀግና ነው፤ ግን ሁሉም እንደሱ ይሁን አልልም። ስድስት ክሬዲት ይዞ በሦስት በአራት ዓመት መጨረስ ነውር የለውም። ነውሩ አምስት ኮርስ ይዞ ሦስቱን መጣል ነው።

ሄለን፦ እና መጣሉ ላይ ነው ዋናው ጉድ ያለው። ድሮፕ እና ዊዝድሮው። አገር ቤት ካምፓስ የነበረ ሰው «አድ ኤንድ ድሮፕ» ሲባል ያውቀዋል። ስለዚህ ኮርስ ከበዳቸው ድሮፕ አደረግኩት ይላሉ። ስታይው ግን ዊዝድሮው ነው ያደረጉት።

ዮናስ፦ ልዩነቱ ቀን ነው። ሴሚስተሩ ሲጀመር አጭር የመውጫ ጊዜ አለ። በዚያ ውስጥ ከወጣህ ኮርሱ ከነጭራሹ እንዳልተመዘገብክበት ይሆናል። ገንዘብህ ይመለሳል፤ ትራንስክሪፕትህ ላይም ምንም አይታይም። ድሮፕ እሱ ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ ስትወጣ ዊዝድሮው ይባላል። ገንዘቡ አይመለስም፤ ትራንስክሪፕትህ ላይ ዳብልዩ የሚል ፊደል ይቀመጣል።

ሄለን፦ ዳብልዩ ግን ጂፒኤ አይነካም አይደል?

ዮናስ፦ አይነካም። ለዚህ ነው ሰው የሚዘናጋው። ሌላ ቦታ ይነካል። ፋይናንሻል ኤይድ የሚሰጥህ አካል በጂፒኤ ብቻ አይለካህም። ከያዝከው ክሬዲት ስንት በመቶውን ጨረስክ ብሎም ይጠይቃል። ብዙ ኮሌጆች 67 በመቶ ይላሉ፤ ጂፒኤው ደግሞ 2.0። አሁን 12 ክሬዲት ያዝክ፣ ስድስቱን ዊዝድሮው አደረግክ፣ በቀረው ስድስት ኤ አመጣህ። ጂፒኤህ 4.0 ነው። የጨረስከው ግን 50 በመቶ ነው።

ሄለን፦ ሁለት ኤ ይዞ ማስጠንቀቂያ!

ዮናስ፦ ሁለት ኤ ይዞ። ሳፕ የሚሉት ነገር ይሄ ነው። መጀመሪያ ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። በሚቀጥለው ሴሚስተር ካላስተካከልክ እርዳታው ይቆማል። ከዚያ በኋላ አፒል፣ ማለት ይግባኝ፣ መጻፍ ነው፤ ሰው ታሞብህ፣ ሥራ ጠፍቶብህ ከሆነ ከነማስረጃው ታቀርባለህ። አፒል ይሰማል፤ ዝም አትበሉ።

ሄለን፦ የእኛ ሰው የባሰ የሚያደርገው አለ። ድሮፕም ዊዝድሮውም አይልም። በቃ ይቀራል። ሥራው በዛበት፣ ይጠፋል። «አልሄድኩም እኮ፣ ለምን ያስከፍሉኛል?» ይላል።

ዮናስ፦ መቅረት መውጣት አይደለም! ስምህ እዚያ እስካለ ተማሪ ነህ። መጨረሻ ላይ ኤፍ ይመጣል፤ ኤፍ ደግሞ ጂፒኤውን ይዞ ይወርዳል። የፌዴራል እርዳታ ወስደህ ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ሁሉንም ኮርስ ከተውክ፣ ያልተማርክበትን ድርሻ መንግሥት መልሱ ይላል። ኮሌጁ ይመልስና ዕዳውን ወደ አንተ ያዞራል። በዓመቱ ልመዝገብ ብለህ ስትገባ ስምህ ላይ ሆልድ አለ።

ሄለን፦ ሆልድ ማለት?

ዮናስ፦ እገዳ። ዕዳህን ካልከፈልክ ወይም አድቫይዘር ካላየህ ምዝገባ አይከፈትልህም። አንዳንዱ ሆልድ ይቺን የምታክል የላይብረሪ ቅጣት ናት። ፖርታሉ ላይ ይታያል። የድሮፕና የዊዝድሮው ቀኑም እዚያው አለ፤ ግን የእያንዳንዱ ኮርስ ቀን ይለያያል። የስምንት ሳምንት ኮርስ መውጫው ከ16 ሳምንቱ በጣም ይፈጥናል። ጓደኛህ «እስከ አርብ ነው» ያለህ የራሱን ኮርስ ነው።

ሄለን፦ እሺ ፋፍሳ፤ የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ፎርሙ። ዮኒ፣ ይሄን ሙሉልኝ ብለው ገንዘብ የሚከፍሉ ሰዎች አሉ።

ዮናስ፦ አውቃለሁ፤ ያናድደኛል። ፎርሙ ነፃ ነው። ነፃ መሆኑ ስሙ ውስጥ አለ፤ የመጀመሪያው ፊደል «ፍሪ» ማለት ነው። ኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሂዱ፣ አጠገባችሁ ቁጭ ብለው ያሳያችኋል። በዚያ በኩል ነው ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል እርዳታ የሚመጣው። ከፍተኛው ለ2025–26 የትምህርት ዓመት 7,395 ዶላር ነው። ግራንት አይመለስም። ሎን ብድር ነው፤ ይመለሳል። አዋርድ ሌተር፣ ማለት የተፈቀደልህ እርዳታ የሚዘረዘርበት ደብዳቤ፣ ሲመጣ ሁለቱም አንድ ወረቀት ላይ ተደርድረው ነው የሚመጡት፤ ሎኑን አልፈልግም ማለት ይቻላል።

ሄለን፦ ማን ነው የሚያገኘው? ወረቀት ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያመለክታል።

ዮናስ፦ ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ በዲቪ የመጣም እዚህ ውስጥ ነው፤ ስደተኛ ሆኖ የገባ፣ አሳይለም፣ ማለት ጥገኝነት፣ የተፈቀደለት። አሳይለሙ ገና ፔንዲንግ ከሆነ፣ ወይም ቲፒኤስ የሚባለው ጊዜያዊ ከለላ ብቻ ካለህ፣ ወይም በኤፍ ዋን፣ በተማሪ ቪዛ፣ ከሆንክ የፌዴራሉን አታገኝም። ለነዚህ ስቴቱና ኮሌጁ የራሳቸው ገንዘብ ሊኖራቸው ይችላል፤ ጠይቁ።

ሄለን፦ አንድ አድማጫችን የጠየቀችን አለ። በዲቪ ብቻዋን መጥታለች፣ 21 ዓመቷ ነው፣ ራሷን ትችላለች። ፎርሙ ግን የአባትና የእናት ገቢ ይጠይቀኛል ትላለች። እነሱ ደሴ ናቸው።

ዮናስ፦ ዲፔንደንት የሚለው ቃል እንግዲህ ይሄ ነው። ራስህን መቻልህ አይደለም የሚቆጠረው። ከ24 ዓመት በታች ሆነህ ካላገባህ፣ ልጅ ከሌለህ፣ ከሌሎቹም ልዩ ምክንያቶች ካልገባህ በሕጉ ዓይን የወላጅ ልጅ ነህ። ወላጅ ደሴም ይኑር ድሬዳዋ ገቢው በዶላር ተመንዝሮ ይሞላል። ሶሻል ሴኩሪቲ ባይኖራቸውም አካውንት መክፈት ይችላሉ። አድካሚ ነው፤ ግን በብር የሚያገኙት ወደ ዶላር ሲመጣ ብዙ ጊዜ ትንሽ ስለሚሆን ለልጅቷ ይጠቅማታል እንጂ አይጎዳትም።

ሄለን፦ ሬዚደንሲን በአጭሩ በለን።

ዮናስ፦ እዚህ ቦታ ግሪን ካርድ ማለት አይደለም። የት ነው የምትኖረው ነው። ሜሪላንድ ላይ የካውንቲው ነዋሪ፣ የሌላ ካውንቲ፣ የሌላ ስቴት ተብሎ ዋጋው በሦስት ይከፈላል። ቨርጂኒያ ቢያንስ አንድ ዓመት ስቴቱ ውስጥ መኖርህን ትጠይቃለች። የቤት ኪራይ ውልህን፣ መንጃ ፈቃድህን፣ ታክስህን አትጣል።

ሄለን፦ ነርሲንግ። ሳንነካው ብናልፍ እናቶች አይምሩንም።

ዮናስ፦ «ልጄ ነርሲንግ ገባች» ይባላል። የገባችው ኮሌጅ ነው! ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በሩ ክፍት ነው፤ ሃይስኩል የጨረሰ ይገባል። የነርሲንግ ፕሮግራሙ ግን የራሱ ማመልከቻ፣ የራሱ ውድድር አለው። አናቶሚን የመሳሰሉ ፕሪሪኪዚቶችን፣ ማለት ቀድመው የሚወሰዱትን፣ በጥሩ ውጤት ጨርሰህ ከዚያ ታመለክታለህ። አናቶሚ ላይ ሲ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ሊጠብቅ ይችላል።

ሄለን፦ እናቶች ካልን አባቶችም አሉ። አንድ አባት ሬጅስትራር ቢሮ ሄደው የልጃቸውን ውጤት ጠየቁ። ሠራተኛዋ ልጅ «አልችልም» አለቻቸው። «እኔ ነኝ የምከፍለው!» አሉ። «ይቅርታ» አለች።

ዮናስ፦ ፈርፓ ነዋ። የ1974 ሕግ ነው። ልጁ ኮሌጅ ከገባ የትምህርት መረጃው የራሱ ነው። ዕድሜው 17 ቢሆን እንኳ።

ሄለን፦ 17! ይሄን ለአበሻ አባት ማን ያስረዳል?

ዮናስ፦ ልጁ ፈቃድ የሚሰጥበት ፎርም አለ። ይፈርማል፣ አባትየው ያያሉ። ያለዚያ ቢሮው ላይ መጮህ ሠራተኛዋን ከሥራ ማስባረር ነው። እኔ እንደውም ልጁን እራት ላይ መጠየቅ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሄለን፦ እራት ላይ ዳብልዩ አይወራም፣ ዮኒ! ኦፊስ አወርስን ንገረንና እንጨርስ። ይሄን ቃል ሰው «ቢሮ ክፍት የሆነበት ሰዓት» ይመስለዋል።

ዮናስ፦ ፕሮፌሰሩ ለተማሪ ብሎ የሚቀመጥበት ሰዓት ነው። ሲላበሱ ላይ ተጽፏል፤ በዙምም የሚያደርጉት አሉ። የእኛ ልጅ ግን አይሄድም። መምህር ዘንድ የሚሄደው ያጠፋ ሰው ነው ተብሎ ነው ያደገው። ፕሮፌሰሩ ብቻውን ቡና ይጠጣል፣ ልጁ ቤቱ ዩትዩብ ላይ ካልኩለስ ይፈልጋል።

ሄለን፦ እኔ ዓይናፋር ነኝ እንበል። ገብቼ ምን እላለሁ?

ዮናስ፦ ስምሽንና የትኛው ክላስ እንደሆንሽ። ከዚያ የተሳሳትሽውን ጥያቄ ወረቀቱን አውጥተሽ «እዚህ ድረስ ገብቶኛል፣ ከዚህ በኋላ ጠፋኝ» በይ። «ምንም አልገባኝም» አትበይ፤ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ደግሞ ከሚድተርም በፊት ሂጂ። ከፋይናል በኋላ ያለቀስሽበት ግሬድ አይቀየርም።

ሄለን፦ ፕሮፌሰር ነው የምለው ወይስ በስሙ?

ዮናስ፦ በስሜ ጥራኝ እስኪል ድረስ ፕሮፌሰር። ኢሜይል ላይም እንደዚያው። የኮርሱን ቁጥር ርዕሱ ላይ ጻፊ፤ መቶ ተማሪ አለው።

ሄለን፦ በሚቀጥለው ሳምንት ትራንስፈር ነው፤ ከኖቫ ወደ ጆርጅ ሜሰን፣ ከሞንጎምሪ ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲዎች። ጥያቄያችሁን በድምፅ ላኩልን።

ዮናስ፦ አጭር ይሁን እባካችሁ። ባለፈው 11 ደቂቃ የላከ ሰው አለ።