ከሐዲዱ ጎን የምትሄድ መንገድ
(ኮምቦልቻ ላይ ለብስክሌት ወዳጆችና ለከተማ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የአገር ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ከደሴ፣ ከሐይቅና ከከሚሴ የመጣችሁ ብስክሌተኞች፣ ከማዘጋጃ ቤት የተገኛችሁ ባለሙያዎች፤ እንደምን አደራችሁ። አሰላሙ ዓለይኩም። ሸኾቻችንና ቄሶቻችን ዱዓና ጸሎት አድርጋችሁ ስላስጀመራችሁን አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ይስጥልን።

ብስክሌት ለጤና ስለሚሰጠው ጥቅም ሐኪሞቹ ይነግሯችኋል። እኔ ዕድሜዬን በመንገድ ሥራ የጨረስሁ ሰው ነኝና ስለ መሬቱ ልናገር። በወሎ ብስክሌት ያልተስፋፋው ሰዉ ሰንፎ አይደለም፤ ዳገቱ ነው። ባሕር ዳር ብስክሌት የበዛው ከተማው ሜዳ ስለሆነ ነው እንጂ የባሕር ዳር ሰው ከእኛ በልጦ አይደለም። (የባሕር ዳር ሰው እዚህ ካለ ይቅርታ።)

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠው። ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች ነው። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ልዩነቱን ለርቀቱ ብታካፍሉት በየመቶ ሜትሩ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ይደርሳል፤ ይህን ያህሉን ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅም ይወጣዋል። ግን መንገዱ እኩል አያካፍልም። ሐረጎ የሚባለው ዳገት ላይ ሲደርስ ሁሉንም ሰብስቦ በአንድ ጊዜ ያስከፍላል። ሲወጡት ልብ ይፈነዳል፣ ሲወርዱት ፍሬን ይቃጠላል፣ ከኋላ ደግሞ ተሳቢ መኪና አለ።

ባቡር ግን ዳገት አይችልም። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲሄድ በቀላሉ ይንከባለላል፣ ነገር ግን ይዞ የሚወጣበት ጉልበት የለውም። ስለዚህ ባቡር የሚዘረጋ መሐንዲስ ኮረብታውን ይቆርጣል፣ ሸለቆውን ይሞላል፣ ተራራውን ይበሳል፤ በመቶ ሜትር ከሁለትና ከሦስት ሜትር በላይ መውጣት ለእሱ ጣጣ ነው። ይህን ሁሉ ወጪ የሚያወጣው ለባቡር ብሎ ነው፤ ሳያስበው ግን ለብስክሌት የተመቸ መሬት ያበጃል።

ይህን በደንብ ያወቁት ባቡራቸው የሞተባቸው አገሮች ናቸው። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ ኤልሮይ እና ስፓርታ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ከተሞች አሉ። በመካከላቸው የነበረው የባቡር መስመር ሥራ ሲያቆም ሐዲዱ ተነቀለ፣ በቦታው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ፈሰሰ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ለብስክሌት ተከፈተ። ርዝመቱ 51 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ዋሻዎች አሉት፤ ትልቁ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ውስጡ ጨለማ ነው፣ በበጋም ይበርዳል፣ ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል። ብስክሌተኛው እዚያ ሲደርስ ወርዶ፣ ባትሪ አብርቶ፣ ብስክሌቱን እየገፋ ያልፋል። ሰው ይህን ለማየት ከሩቅ ይመጣል! ባቡሩ ሲቀር ገቢያቸው የቀረ የመስመሩ መንደሮች ዛሬ ለብስክሌተኛ ምግብና መኝታ ይሸጣሉ።

ልብ በሉ፣ አስፋልት አላልሁም። የተፈጨ ድንጋይ ነው ያልሁት። እዚያው አሜሪካ፣ ሚዙሪ ውስጥ ኬቲ የሚባለው 385 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው መንገድም በአብዛኛው እንዲሁ ነው። እኛ ብስክሌት መንገድ ሲባል አስፋልት ካልሆነ ወይም ኮብልስቶን ካልተነጠፈ መንገድ አይመስለንም። ኮብልስቶን ለብስክሌት ምን እንደሆነ የደሴ ልጆች ንገሩኝ፤ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፣ ክረምት ደግሞ ያንሸራትታል። በደንብ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ፣ ከላዩ ደቃቅ ጠጠር፣ በሁለቱም ጎን ቦይ፤ ይህ ይበቃል። ግን ቦዩን አደራ። ሐምሌና ነሐሴን የማያውቅ መንገድ በዚህ አገር ሁለተኛ ዓመቱን አያይም።

ስፔን እ.ኤ.አ. በ1993 በጀመረችው ፕሮግራም ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘጋ የባቡር መስመር ወደ ብስክሌትና የእግር መንገድ ቀይራለች፤ አንዳንዱ አሮጌ ጣቢያ ምግብ ቤት ሆኗል። ኒውዚላንድም ኦታጎ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 የተዘጋውን መስመር እ.ኤ.አ. በ2000 ከፍታ 150 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አግኝታለች።

አሁን ወደ ወሎ እንምጣ። እኛ የሚነቀል ሐዲድ የለንም። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የተዘረጋው የ784 ኪሎ ሜትር አሮጌ ሐዲድ ወሎን አልነካም። አለን የምንለው አዲሱ፣ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መስመር ነው። ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ብዙው ተሠራ፤ ከዚያ መብራቱ ዘገየ፣ ጦርነቱም ደረሰበት። ሰው ሲያማርር እሰማለሁ፤ «ባቡሩ ካልመጣ ለብስክሌት ይስጡን» የሚል ወጣትም አጋጥሞኛል።

ልጄ፣ እኔ በዚህ አልስማማም። የእነዚያ አገሮች ባቡር ሠርቶ አርጅቶ የሞተ ነው። የእኛ ገና አልተወለደም። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ከተማ ናት፤ ዕቃዋ ወደብ የሚደርስበት ባቡር ያስፈልጋታል። ሐዲዱን መንካት የለብንም። የምንጠይቀው ጎኑን ነው።

ይህም አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ታላቁ አሌጌኒ መተላለፊያ የሚባል 240 ኪሎ ሜትር የብስክሌት መንገድ አለ፤ ከከምበርላንድ እስከ ፍሮስትበርግ ባለው ክፍሉ ጎብኚ የሚያሳፍር ባቡርና ብስክሌተኛ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የእኛው ባቡር በኤሌክትሪክ የሚነዳ ስለሆነ አጥርና በቂ ርቀት ግድ ነው፤ በዚህ ላይ ምድር ባቡር የሚለውን እንሰማለን እንጂ አንከራከርም።

ከየት እንጀምር? ከሐረጎ አይደለም። ከዚሁ ከኮምቦልቻ ወደ ታች፣ በቦርከና ሸለቆ ወደ ሐርቡና ወደ ከሚሴ። መሬቱ ሜዳ ነው፣ ሰው አለ፣ ትምህርት ቤት አለ፣ ፋብሪካ አለ። የፋብሪካ ሠራተኛዋ ማለዳ ለባጃጅ የምትከፍለው ገንዘብ ከደመወዟ ስንት እንደሚወስድ እሷን ጠይቋት።

አንድ ነገር ግን ፈረንጆቹን አንቅዳ። የእነሱ መንገድ ቅዳሜና እሁድ ለመዝናናት የተሠራ ነው። እዚህ በመጀመሪያው ቀን አህያ ነድታ ገበያ የምትወርድ እናት ትገባበታለች፤ ደግ አደረገች። ከብስክሌት መንገዱ ካባረርናት ገበሬው በአንድ ክረምት ያርሰዋል፣ እውነቱንም ነው። ስለዚህ ስፋቱ ሲለካ ጭነት የያዘች አህያና ብስክሌት ተጠባብቀው የሚተላለፉበት ይሁን። የማይገባው ባጃጅና ሞተር ነው። መግቢያው ላይ ምሰሶ ይተከል፣ ምሰሶውም በሌሊት የማይነቀል ይሁን።

የደሴና የኮምቦልቻ አስተዳደሮች በኮሪደር ልማት ያሰቡትን እደግፋለሁ። ግን የብስክሌት መስመር ማለት ዳገት ላይ ቀለም መቀባት ብቻ እንዳይሆን። ደሴ ውስጥ ከፒያሳ ሽቅብ በሚወስደው ሁሉ ላይ ቀለም ብትቀቡ የሚጠቀምበት የቆመ መኪና ነው። ሜዳው ባለበት ብዙ ሥሩ፣ ዳገቱ ላይ ለእግረኛው አስቡ።

ከእናንተ የምፈልገው ገንዘብ አይደለም፣ ገና ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ ሕግ አወጡ፤ ባቡር ያቆመበት መስመር ተሸንሽኖ እንዳይሸጥ፣ ለብስክሌት እያገለገለ ወደፊት ባቡር ቢፈልገው እንዲመለስ። ጥበቡ መሬቱን እንደ አንድ ክር ሳይቆራረጥ ማቆየት ነው። አንድ ቦታ ላይ ቤት ከተሠራበት ክሩ ተበጠሰ። በመስመሩ ጎን ያለው ቦታ ዛሬ ሜዳ ነው፤ ነገ ካርታ ይወጣበታል። ስለዚህ የማዘጋጃ ቤት ባለሙያዎች፣ ከሐርቡ ወዲህ ያለውን ጎን በፕላናችሁ ላይ አስምሩልን፣ ለምድር ባቡርም ደብዳቤ ጻፉ። ሽማግሌዎች፣ ገበሬው መሬቱን የተቀማ እንዳይመስለው ቀድማችሁ አነጋግሩት፤ ካሳ የሚገባው ካሳውን ያግኝ። ወጣቶች፣ እናንተ ደግሞ ሜትር ይዛችሁ ከእኔ ጋር ትወርዳላችሁ፤ ውሃ የሚያቋርጥበትን፣ ከብት የሚሻገርበትን፣ ድልድይ የሚፈልገውን እየመዘገብን እንሄዳለን።

ከደሴ የመጣችሁ «እኛስ?» እያላችሁ ነው፤ ፊታችሁ ላይ አየሁት። አብሽሩ። ለጊዜው ብስክሌቱን በሚኒባስ ጣሪያ ጭናችሁ ውረዱ፣ ማታ ጭናችሁ ውጡ። ሐረጎን በብስክሌት ካልወጣሁ የሚል ካለ ግን አልከለክለውም፤ ፍሬኑን አሳይቶኝ ይሂድ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ።